ለቀብር የሚከፍል፣ ለማስታመም የማይከፍል ሕግ፦ ሠራተኛው፣ ቤተሰቡና የኑሮ ዋስትናው



የዛሬው ገለጻ ርእስ በማስታወቂያው ላይ «ሥራና ቤተሰብ» ተብሎ ወጥቷል። ርእሱ ሰፊ ነውና በእናንተ ፈቃድ አጠብበዋለሁ። በቅድሚያ ስለ አንድ ሰው እናገራለሁ፤ ስለ አስታማሚ።

በመንግሥት ሆስፒታሎቻችን ታማሚ ሲተኛ አስታማሚም አብሮት ይተኛል። በአልጋው ሥር አንጥፎ የሚያድረው፣ ታማሚውን የሚያጥበውና የሚያገላብጠው፣ ምግብ ከቤት የሚያመላልሰው፣ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የጠፋውን መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የሚዞረው እሱ ነው፤ ይበልጡን ጊዜ ደግሞ እሷ ናት። ሆስፒታሎቻችን ያለ አስታማሚ ሥራቸውን ማከናወን አይችሉም ብል ሐኪሞች ወዳጆቼ የሚቃወሙኝ አይመስለኝም። ይህ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራም አለው፤ ጠዋት ፈርሞ የሚገባበት፣ የወሩ መጨረሻ ላይ ደመወዝ የሚቀበልበት። በዚያ ሥራው ላይ ሕጉ ምን ይለዋል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እንግለጥ። ሠራተኛው ራሱ ቢታመም አዋጁ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ዘመዱ ቢሞትበት ደግሞ ሦስት የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅድለታል። በመካከል ያለውስ? እናቱ ከታመመችበት ቀን እስከ ሞተችበት ቀን፣ ወይም እግዚአብሔር ቢላት እስከ ዳነችበት ቀን ያለው ጊዜስ? ለዚህ አዋጁ ያስቀመጠው፣ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛ የሚሰጥ እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት የሚደርስ ፈቃድ ነው፤ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ፣ ያውም ያለ ደመወዝ።

እንግዲህ ሕጋችን ለቀብር ይከፍላል፤ ለማስታመም አይከፍልም። ልቅሶን ማቃለሌ አይደለም። እንዲያውም ሦስት ቀን ለሐዘንተኛ ያንሳል የሚል ቢነሣ እደግፈዋለሁ። የምለው፣ ሕግ አውጪው የቤተሰብን ግዴታ ያየው በሞት በኩል ብቻ ነው።

ሠራተኛው ታዲያ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ የዓመት ዕረፍቱን ይበላል። በአንደኛው የአገልግሎት ዓመት ያለው 16 የሥራ ቀን ነው፤ ለአንድ ቀዶ ሕክምናና ለማገገሚያው እንኳ አይበቃም። ቀጥሎ ሳይታመም የሕመም ወረቀት ይለምናል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሐኪሙም አለቃውም ያውቃሉ። ሐቀኛውን ሰው ለመዋሸት የሚያስገድድ ሕግ ከወጪው ባሻገር ሌላ ጉዳት እንዳለው ልብ በሉልኝ። በመጨረሻ ከቤተሰቡ አንዱ ሥራ ይለቃል። የሚለቀውም ደመወዙ አነስተኛ የሆነው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት።

ሥራ መልቀቅ የሚያስከትለው የዛሬን ደመወዝ ማጣት ብቻ አይደለም። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይዋጣል፤ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ግን ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ሁለት ልጅ ለማሳደግና አንዲት እናት ለማስታመም ሦስት ጊዜ ሥራ የለቀቀች ሴት እነዚያን 10 ዓመታት ሳትሞላ 60 ዓመቷን ልትደፍን ትችላለች። ቤተሰቧን የጦረች ሴት ራሷ ጧሪ አልባ ትሆናለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትዝብት ልጨምር። በየዓመቱ ስለ ሠራተኞች ፍልሰት የሚጻፉ በርካታ የመመረቂያ ጽሑፎችን አነባለሁ። መጠይቆቹ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕድገት፣ ስለ አለቃ ጠባይ ይጠይቃሉ። «በቤትዎ የሚያስታምሙት ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ያለበት መጠይቅ አላጋጠመኝም። ያልጠየቅነው ነገር በሠንጠረዣችን ውስጥ አይገኝም፤ ከዚያም «ምክንያቱ ደመወዝ ነው» ብለን እንደመድማለን።

ወደ ሕጉ ልመለስ። አዋጁ የቤተሰብ ኃላፊነት የሥራ ውልን ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ደንግጓል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ግን ጥበቃው ለማንነት እንጂ ለጊዜ አይደለም። አሠሪ «እናት ስላለችሽ አሰናብቼሻለሁ» ማለት አይችልም፤ «ያለ ፈቃድ ቀርተሻል» ማለት ግን ይችላል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የሚያስከትሉት ውጤት አንድ ነው።

ብዙዎቻችሁን የሚያስገርመው፣ ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ላይ ቃል ከገባች ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ መሆኑ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 156 አገራችን በ1991 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አጽድቃለች። ስምምነቱ ስለ ሴት ሠራተኞች ብቻ አያወራም፤ ወንዱንም ይጨምራል። ስለ ሕፃናት ብቻም አያወራም፤ እንክብካቤ የሚያሻውን የቅርብ ቤተሰብ ሁሉ ይመለከታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። የሕግ ተማሪዎች፣ ይህ ስምምነት በፍርድ ቤት ክርክር ምን ያህል እንደተጠቀሰ ብትመረምሩ ጥሩ ሥራ ይወጣችኋል።

ስለ ወሊድ አጠር አድርጌ ልናገር። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሰጠው 90 ቀን በ2011 ዓ.ም. ወደ 120 ቀን ከፍ ብሏል፤ 30ው ከመውለድ በፊት፣ 90ው ከወለዱ በኋላ። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የጤና ባለሙያዎቻችን እናትን «እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ ምንም አትስጪ» ይሏታል፤ የሥራ ሕጉ ደግሞ በሦስተኛው ወር ወደ ሥራ ይጠራታል። ምክሩን የሚሰጠውም ጥሪውን የሚያደርገውም አንድ መንግሥት ነው። አባትን በተመለከተ ያለው ልዩነት የባሰ ነው። በግል ድርጅት የሚሠራው ሦስት ተከታታይ ቀን ሲያገኝ፣ ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኛው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሰጠው 10 የሥራ ቀን ነበር። የሕፃኑ ፍላጎት በአባቱ ቀጣሪ የሚለያይ ይመስል!

«ማን ይከፍላል?» የሚለው ተቃውሞ ግን በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። ዛሬ የወሊድ ፈቃድን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ የሚከፍለው አሠሪው ብቻውን ነው። ዐሥር ሠራተኛ ያለው ዳቦ ቤት በአንድ ዓመት ሁለት ሴቶች ቢወልዱበት ይጎዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወንድ ቢቀጥር ልንወቅሰው እንችል ይሆናል፣ ስሌቱን ግን ማስተባበል አንችልም። ስለዚህ ፈቃዱን ማርዘም ብቻውን ሴቶችን ከቅጥር ሊያርቅ ይችላል። መፍትሔው ወጪውን በጋራ መሸከም ነው። ሩዋንዳ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የወሊድ መድን ሕግ አሠሪውና ሠራተኛው ከደመወዙ 0.3 በመቶ በየፊናቸው እንዲያዋጡ አድርጋለች፤ ሕጉ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት አሠሪው፣ የቀሩትን ስድስት ሳምንታት ፈንዱ ይከፍል ነበር። ወንዱም ስለሚያዋጣ ሴት መቅጠር ለአሠሪው የተለየ ቅጣት መሆኑ ይቀንሳል።

ይህ ለእኛ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። በየወሩ ጥቂት ብር እያዋጣ አደጋን በጋራ የሚሸከም ተቋም አለን፤ ዕድር። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ የራሳቸው ዕድር አላቸው። ነገር ግን ዕድርም በዋነኛነት የተቋቋመው ለቀብር ነው። ሕጋችንም ልማዳችንም ለሟች ሲሰናዱ፣ ሕያዋኑ ግን በየግላቸው ይታገላሉ።

አንዳንዶች «የቤት ሠራተኛ አለች» ይላሉ። እውነት ነው፤ እኔና እናንተ ዛሬ እዚህ የተቀመጥነው በብዙ ቤቶች አንዲት ወጣት ሕፃን አዝላ ስለቆየችልን ነው። እሷ ግን ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ ናት። የግል አገልግሎት ቅጥር በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ተብሎ ተትቷል። የወሊድ ፈቃድ የላትም፣ ጡረታ የላትም፤ የራሷን ልጅ ገጠር እናቷ ዘንድ ትታ የመጣችም አለች። የአንዷን ሠራተኛ ዋስትና በሌላዋ ዋስትና ማጣት ላይ የሚገነባ ፖሊሲ ለቤተሰብ የቆመ ነው ልል አልችልም። ስለዚህ የደንቡ መውጣት ከወሊድ ፈንዱ ያላነሰ አጣዳፊ ነው።

እኔ በበኩሌ አስቀድሞ እንዲፈጸም የምሻው ትንሹን ነው፦ በዓመት ቢያንስ ዐሥር የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር የማስታመሚያ ፈቃድ፣ ለወንድም ለሴትም። ማስረጃውን ታማሚው የተኛበት ሆስፒታል ይሰጣል፤ በሩን አልፎ የሚገባ አስታማሚ ማን እንደሆነ ዛሬም የሚለይ እሱ ነውና። ከዐሥሩ ቀናት የመጀመሪያዎቹን አምስት አሠሪው፣ ቀሪዎቹን ፈንዱ ይክፈል። አጭበርባሪ ይኖራል የሚል ካለ፣ ዛሬ በሐሰት የሕመም ወረቀት የሚጠፋውን ቀን አብሮ ይቁጠርልኝ።

ለጥያቄና ለተቃውሞ ጊዜ ትቻለሁ። በተለይ የኢኮኖሚክስ ክፍል ባልደረቦቼ በፈንዱ ስሌት ላይ ቢሞግቱኝ ደስ ይለኛል።