ስለ ፈንገስ መድኃኒትና ስለ ደም
(የማኅበሩ ጸሐፊ በወሩ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ሐኪም አይደለሁም፤ ከጤና ባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የማቀርበው።

በልጆቻችን ራስ ላይ የሚወጣውን ቆረቆር ሁላችንም እናውቀዋለን። ለዚሁ የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን የተባለው ክኒን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥ ነው ደኅና የሚሠራው፤ ጾም ከሆነም ዘይት ያለበት ወጥ ነው። ብዙዎቹን ልጆች አይጎዳም። ነገር ግን አንዳንዴ፣ እምብዛም ባይሆን፣ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስ ይቀንሳል። ስለዚህ ክኒኑን የሚወስድ ልጅ ትኩሳት ከያዘው ወይም ጉሮሮው ከቆሰለ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ማጠጣት አይበቃም፤ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን የልብ ሕመምተኞቻችን ናቸው። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚውጡ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አፉ በፈንገስ ሲቆስል ፍሉኮናዞል ገዝቶ ቢውጥ፣ ፍሉኮናዞሉ ጉበት ዋርፋሪኑን እንዳያስወግድ ይከለክላል። ዋርፋሪኑ በሰውነት ይጠራቀማል፤ ደሙም እንቢ ብሎ ይፈሳል። ድድ ይደማል፣ ነስር አይቆምም፣ ሰገራ እንደ ቅጥራን ይጠቁራል። ለአፍ ቁስል የሚቀባው ሚኮናዞልም ያው ነው፤ «ቅባት ምን ያደርጋል» አይባልም። ግሪሲዮፉልቪን ደግሞ በተቃራኒው የዋርፋሪኑን ኃይል ያዳክማል። ታዲያ ፈርቶ ዋርፋሪኑን በገዛ እጅ ማቆምም ሌላ አደጋ ነው፤ ሐኪሙ ደሙን መርምሮ መጠኑን ያስተካክል።

ሌላው የሆስፒታሉ ነገር ነው። ፈንገስ የአንጎል ሽፋን ውስጥ ሲገባ በደም ሥር የሚሰጥ አምፎቴሪሲን የሚባል መድኃኒት አለ። ኩላሊት ቀይ ደም እንዲሠራ የሚያዘውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ሰውየው ደም ያንሰዋል፣ ይገረጣል። አብሮት የሚሰጠው ፍሉሳይቶሲን ደግሞ ደም የሚሠራበትን መቅኒ ሊያዳክም ይችላል። በየጊዜው ደም የሚቀዳው ይህን ለማየት ነው። አስታማሚዎች «ደሙን ቀድተው ጨረሱት» እያሉ ሲቆጡ ሰምቻለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ ከነሱ ጋር ተቆጥቻለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። የሚቀዳው ጥቂት ማንኪያ ነው፤ ካልታየ ግን መድኃኒቱ መቼ እንደሚቀነስ አይታወቅም።

እንግዲህ የክኒን ማሸጊያ አትጣሉ። ወደ ሐኪምም ሆነ ወደ መድኃኒት ቤት ስትሄዱ የምትውጡትን ሁሉ ይዛችሁ አሳዩ። ማንበብ የሚቸግረው ካለ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እቆያለሁ፤ የመድኃኒቶቹን ስም በወረቀት እጽፍለታለሁ።