የአሮጌ መኪና የማቀዝቀዣ ውሃ ለምን ያፈሳል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለመሐንዲሶች ጉባኤ የሚያንስ መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ መድረክ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ ኃይል ማመንጫና ስለ ከተማ ፕላን ብዙ ተብሏል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ የጎማ ቱቦ፣ ስለ አንድ የቱቦ ማሰሪያና ስለ አንድ የራዲያተር መክደኛ ልናገር ነው። ምክንያቴንም አልደብቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ በሰጠሁት ምክር የተነሣ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ ለሦስት ወር ያህል ቆሞ ነበር፤ ባለቤቱም ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ የገርጂ ነዋሪ ሲሆኑ፣ ከጡረታ ወዲህ የሚተዳደሩት ሰማያዊና ነጭ ቀለም በተቀባች አሮጌ የቶዮታ ኮሮላ ታክሲ ነው። መኪናይቱ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ራዲያተርዋ ብዙ ጊዜ ተበይዶ ተበይዶ ብየዳ የሚይዝ ቦታ ስላልቀረው፣ «ይኸ እንግዲህ አይጠገንም፣ ይለወጥ» ብዬ አዲስ ራዲያተር ከነመክደኛው ከሱማሌ ተራ ገዝተን አስገጠምን። ሥራው ሲያልቅ «ከእንግዲህ አይስጉ» አልኋቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ጠዋት ከመኪናይቱ ሥር እንደ ስኒ ማስቀመጫ የምትሰፋ እርጥበት መታየት ጀመረች። ነገሩኝ፤ እኔም ራዲያተሩ አዲስ መሆኑን ተማምኜ «ትንሽ ነገር ነው፣ ውሃ እየጨመሩ ይንዱ» ብዬ መለስሁ።

አንድ ቅዳሜ መንገደኞች ይዘው አዳማ ደርሰው ሲመለሱ፣ ከሞጆ አልፎ ዳገቱን ሲጀምሩ የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያም ድንገት ወደ ታች ወረደ። አጎቴ በኋላ ሲያጫውቱኝ «ቀዘቀዘችልኝ ብዬ ተመስገን አልሁ፤ እግሬንም አላነሣሁም» አሉኝ። ቢሾፍቱ ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። ቴስታታው ጠምሞ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ነበር።

መለኪያው ለምን ወረደ? የሙቀት መለኪያው ስሜት ተቀባይ የሚሠራው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው። ውሃው ሲያልቅ በእንፋሎትና በአየር ብቻ ስለሚከበብ ሞተሩ እየነደደ እርሱ «ቀዝቅዟል» ብሎ ይመሰክራል። ከወጣ በኋላ ያለ ምክንያት የወረደ መለኪያ ከወጣው ይልቅ የሚያስፈራ መሆኑን ለአጎቴ ሊነግራቸው የሚገባው ሰው እኔ ነበርሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የመጣች ባለሙያ ሴት ንፍሮው ለምን እንደዘገየባት ሳትጠይቁ ትነግራችኋለች። በሌላ በኩል የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ ገደማ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ግፊት ያልያዘ ሞተር በእኛ ከተማ ቴርሞስታቱ በሙሉ ሳይከፈት ውሃው ይፈላል ማለት ነው።

ከዚህ የሚያድነን ያ ተራ የሚመስለው መክደኛ ነው። በላዩ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት መክደኛ በውስጡ ከውጭው አየር በ0.9 ባር የሚበልጥ ግፊት እስኪደርስ ድረስ አይከፍትም። በዚያ ግፊት ንጹሕ ውሃ እንኳ በአዲስ አበባ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። እንግዲህ በደኅንነትና በመፍላት መካከል ያለው ከ20 ዲግሪ የሚበልጠው ልዩነት በሙሉ የተንጠለጠለው በግፊቱ ላይ ነው። ቀጭን ስንጥቅ በቀን አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ያፈስስ ይሆናል፤ ግፊቱን ግን ወዲያውኑ ትለቀዋለች። መኪና ከውሃው አስቀድሞ የሚያጣው ግፊቱን ነው። እኔ «ትንሽ ነገር ነው» ያልሁት ውሃውን ለክቼ እንጂ ግፊቱን አስቤ አልነበረም።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ራዲያተሩ አዲስ ከሆነ ማፍሰሱ ከየት መጣ? የአጎቴን መኪና የፈታው አንጋፋ መካኒክ እጁን እየጠረገ «ኢንጂነር፣ አዲሱ ነው አሮጌዎቹን ያስለቀሳቸው» አለኝ። በመጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። የድሮው መክደኛ ላስቲኩ ደርቆ ለብዙ ዓመታት ግፊት አልያዘም ነበር፤ ስለዚህ ቱቦዎቹ፣ የውሃው ፓምፕና የቴርሞስታቱ ቤት ለዓመታት ያለ ጭነት ኖረዋል። እኛ አዲስ ራዲያተርና አዲስ መክደኛ ስናስገባ ሥርዓቱ በአንድ ቀን ወደ ሙሉ ግፊቱ ተመለሰ። ግፊቱም ከቀሩት ሁሉ ደካማውን ፈልጎ አገኘው። የለወጥነው ክፍል ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ ቀሪዎቹን ሳንፈትን መልቀቃችን ላይ ነው።

በዚያ ሰሞን ከዚሁ መካኒክ ጋራዥ ብዙ ቅዳሜዎችን አሳልፌአለሁ፤ ያየሁትንም ባጭሩ ልንገራችሁ።

አብዛኛው ማንጠብጠብ የሚመጣው አዲስ ነገር ከአሮጌ ነገር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ለብዙ ዓመት ቱቦ የተቀመጠበት የብረት አንገት ዝገትና ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ አዲስ ቱቦ በዚያ ላይ ቢጫን ማሰሪያው ምንም ቢጠብቅ በቅርፊቱ ሥር ሰርጎ ይወጣል። አንገቱ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን መጥራት አለበት፤ በርዝመቱ ከተፋቀ ግን ጭረቱ ራሱ የውሃ መንገድ ይሆናል። የአሁኖቹ ራዲያተሮች ጫፋቸው ፕላስቲክ ስለሆነ ማሰሪያውን ከልክ በላይ ማጥበቅ አንገቱን ይሰነጥቀዋል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ፣ በሚገባ ከቀዘቀዘ በኋላ ማሰሪያዎቹን ዳግመኛ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ይህንን ሁለተኛ ፍተሻ የሚያደርግ ጋራዥ ጥቂት ነው፤ ባለ መኪናውም ለመመለስ ትዕግሥት የለውም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ጠዋት የሚያፈስስ፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚያቆም መኪና ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ላስቲኩ በቅዝቃዜ ተኮማትሮ ማሰሪያው ስለሚላላ፣ ሲሞቅ ደግሞ መልሶ ስለሚያብጥ ነው። የሞቀ ሞተር ላይ የሚፈስሰው ደግሞ ወዲያው ስለሚተን መሬት ላይ ጠብታ አይገኝም፤ መፈለግ ያለበት የደረቀ ነጭ ወይም የዝገት መልክ ያለው ዱካ ነው።

የቴርሞስታቱ ቤት ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን አንዱ ቡሎን ሙሉ በሙሉ ጠብቆ ሌላው ከላላ ይጣመማል። ያንን ለመሸፈን መካኒኮቻችን ሲሊኮን በብዛት ይቀባሉ። ወደ ውጭ የወጣው ትርፍ ይታያል፤ ወደ ውስጥ የገባው ግን ተቆርጦ ከውሃው ጋር ይሄድና የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናል። ቴርሞስታቱን ጨርሶ አውጥቶ መጣል ደግሞ በከተማችን የተለመደ «መፍትሔ» ሆኗል። ይህ ማፍሰስን አያቆምም፤ ሞተሩም የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ እየሠራ ነዳጅ እንዲያባክንና እንዲያልቅ ያደርገዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ የተስፋፋው ሰው ግፊት ለሌለው ሞተር መድኃኒት ሲፈልግ ነው።

ስለ ውሃው ፓምፕ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከፓምፑ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ያች ቀዳዳ የተሠራችው የውስጡ ማሸጊያ ሲያረጅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ በውጭ እንዲንጠባጠብና ባለ መኪናውን እንዲያስጠነቅቅ ነው። ይህችን ቀዳዳ በብሎን ወይም በማጣበቂያ የደፈኑ ሰዎች አይቻለሁ። ምስክሩን አፉን እንደ መዝጋት ነው፤ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይዞራል፣ ኩሽኔታው ይፈርሳል፣ ቬንትሌተሩም አብሮ ተወርውሮ አዲሱን ራዲያተር ሊበሳ ይችላል። በአጎቴ መኪና ላይ የጠዋቷ እርጥበት ምንጭ ይህችው ቀዳዳ ነበረች። የፓምፑ ዋጋ ከቴስታታው ጥገና ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ለብዙ ዓመት የቧንቧ ውሃ ብቻ የተሞላ ሞተር ደግሞ ከውስጥ ይዝጋል። ተገቢው ፈሳሽ ከመፍላትና ከመርጋት ከመጠበቅ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ዝገትን በሚከለክለው ቅመሙ ነው፤ ቀለሙ ብቻ አረንጓዴ ወይም ቀይ መሆኑ ግን ማስረጃ አይሆንም። ይህ ፈሳሽ መርዝ መሆኑንና ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃናትና እንስሳት ሊጠጡት እንደሚችሉ ማስታወስም ይገባል።

ምርመራውን በተመለከተ፣ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው። በመክደኛው ቦታ የሚገጠም መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መክደኛው ላይ በተጻፈው ልክ ግፊት ይሞላና ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። መርፌው ከወረደ ውሃው የሚወጣበትን መፈለግ ነው፤ ውጭ ምንም ሳይታይ ከወረደ ደግሞ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን መጠርጠር ይገባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው አዲሱ ክፍል ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ነው። በፊት መደረጉ ለባለ መኪናው «ይህም ይለወጥ፣ ያም ይለወጥ» ለማለት ሳይሆን፣ ገንዘቡ ለየትኛው እንደሚቀድም አውቆ እንዲወስን ነው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ መክደኛውን መክፈት ምን እንደሚያስከትል በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው መንገር አያስፈልገኝ ይሆናል፤ ለረዳቶቻችንና ለሾፌሮቻችን ግን በየጊዜው እንንገራቸው፤ በዚያ የተቃጠለ ፊት አይቻለሁና።

አንዳንድ ወዳጆቼ «አሮጌ መኪና እየጠፋ ስለሆነ ይህ ነገር ያልፍበታል» ይሉኛል። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችል ሰው በእጁ ያለችውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ በየዳገቱ የሚያርፉት አሮጌ ሞተሮች ገና ለብዙ ዓመታት አብረውን ይኖራሉ፤ ኤሌክትሪኮቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በፈሳሽ ስለሆነ ቱቦና ማሰሪያው አልቀረላቸውም።

የአጎቴ መኪና ቴስታታው ተላግቶ፣ ፓምፑና ቱቦዎቹ በሙሉ ተለውጠው ዛሬም በመገናኛና በገርጂ መካከል ትመላለሳለች። ዋጋውን ከደሞዜ ከፈልሁ፤ አጎቴ እስካሁን አላነሡብኝም፤ ቢያነሡብኝ ይቀለኝ ነበር። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የማስቀምጥላችሁ የድሮው መክደኛ፣ የደረቀው ላስቲኩና ኩሽኔታው የላላው ፓምፕ የእርሷ ናቸው። የእጅ ፓምፑንም ይዤ መጥቻለሁ። መኪናው በደንብ ቀዝቅዞለት የቆመ አባል ካለ፣ ከሻይ በኋላ ወደ ግቢው ወጥተን እንሞክረዋለን።