መርካቶንና ዙሪያውን በእግር መጐብኘት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



ስለ ጉብኝት ሲነሣ የአብዛኛው ሰው ሐሳብ በቀጥታ የሚያመራው ወደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ወደ አክሱም ሐውልቶች፣ ወደ ጎንደር አብያተ መንግሥታት ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ከነዚህ ታላላቅ ሥፍራዎች ሌላ፣ በየቀኑ ስለሚታለፍ ብቻ ልብ የማይባል የጉብኝት ሥፍራ በአዲስ አበባ መካከል አለ። ይኸውም በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ ነው። ወደ መርካቶ የሚሄድ ሰው ሊገዛ ወይም ሊሸጥ እንጂ ሊጐበኝ አይሄድም። መሐንዲሱም ቢሆን ወደዚያ የሚወስደው የብረት፣ የሚስማርና የቆርቆሮ ዋጋ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ጎብኚ ገበያውንና ዙሪያውን በእግሩ ቢዘዋወር ምን እንደሚያይ፣ ካየውም ለሙያው ምን ትምህርት እንደሚያገኝ ማመልከት ነው። ጉዳዩ ሊዘገይ የማይገባው መሆኑም በመጨረሻው ላይ ይገለጻል።

ጉዞው ከመርካቶ ሳይሆን ከአራዳ ቢጀመር ይመረጣል፤ የመርካቶ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዋ ታላቅ ገበያ የነበረው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ፣ በአራዳ ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ የታነጸው ይህ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን፣ በ1909 ዓ.ም. የንግሥት ዘውዲቱ፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥርዐተ ንግሥ የተፈጸመበት ነው። ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ጐን ለጐን መሆናቸው በአገሪቱ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን የነበረው ገበያተኛ ደጁን ተሳልሞ ወደ ገበያው ይገባ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የኢጣልያ ፋሺስት ጦር ከተማዋን ይዞ በቆየበት ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። ይህ የተደረገው ለሕዝቡ ጥቅም ታስቦ አልነበረም። ጕዲና ቫሌ የተባሉ ሁለት ኢጣልያውያን አርክቴክቶች የነደፉት የከተማ ፕላን አውሮጳዊውንና አገሬውን ለይቶ ለማስፈር የታቀደ ነበር። ስለሆነም የአገሬው ሕዝብ በምዕራብ በኩል በሚሰጠው ሠፈርና ገበያ እንዲወሰን ተፈለገ። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ በኢጣልያንኛ «ገበያ» ማለት ነው።

ጎብኚው ከአራዳ ወርዶ ወደ መርካቶ ሲገባ፣ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች በቀጥታ የተሠመሩና እርስ በርሳቸው በማዕዘን የሚገናኙ መሆናቸውን ያስተውላል። በየመኳንንቱ ሠፈር ዙሪያ ካደጉት የአሮጌዋ አዲስ አበባ ጠመዝማዛ መንገዶች ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ለመለያየት የተሠመረው መሥመር ከነጻነት በኋላ የመገናኛ ሥፍራ ሆነ። ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከሐረርና ከሌላም አገር የመጣው ነጋዴ የራሱ አደረገው። ወራሪው የነደፈውን ሕዝቡ በሥራው ለወጠው ማለት ነው።

በመርካቶ ውስጥ ለጎብኚው ከካርታ ይልቅ የሚጠቅሙት የተራዎቹ ስሞች ናቸው። ሸማ ተራ፣ ድር ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ፤ ከነዚህም ጋር እህል በረንዳና ጎጃም በረንዳ ይጠቀሳሉ። ከስሞቹ ከፊሎቹ የሚሸጠውን ዕቃ፣ ከፊሎቹም ሰው ወይም ሸቀጥ የመጣበትን አገር ይነግራሉ። ዱባይ ተራ በቅርብ ዘመን ንግዱ ወደየት እንደዞረ ሲያስረዳ፣ ጎጃም በረንዳ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን የአገር ውስጥ ንግድ ያስታውሳል። ማንም በጽሑፍ ያላዘጋጀው፣ ነገር ግን ሁሉ የሚያውቀው የከተማ መዝገብ ይህ ነው።

አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ተራ ተሰብስቦ መሸጡ ላይ ላዩን ሲያዩት ነጋዴውን የሚጎዳ ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ገዢው ዋጋንና ጥራትን በጥቂት እርምጃ ውስጥ ማነጻጸር ስለሚችል ከሩቅ ወደዚያው ተራ ይመጣል። ነጋዴውም በሱቁ የሌለውን ዕቃ ከጎረቤቱ አምጥቶ ደንበኛውን ያስተናግዳል፤ በዕቁብም የንግዱን ገንዘብ ያሰባስባል። እንግዲህ ተራ ማለት የሱቆች መደዳ ብቻ ሳይሆን የመተማመንና የብድር መዋቅር ጭምር ነው። ይህ መዋቅር በግንብና በብረት የተሠራ ባይሆንም ሸክም ይሸከማል፤ ምሰሶው ከተነሣም ይወድቃል።

ለመሐንዲስ ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ምን አለሽ ተራ ነው። በየሠፈሩ እየጮኸ የሚዞረው ቁራሌው፣ ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል፤ የሰበሰበው አሮጌ ብረት፣ ጣሳ፣ በርሜልና ጠርሙስ መድረሻው ብዙውን ጊዜ ይህ ተራ ነው። በርሜሉ ተቀድዶና ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ባልዲ ወይም ሳጥን፣ የመኪናው ጎማ ደግሞ ጫማ ይሆናል። በሌላው ዓለም ዛሬ በጉባኤ የሚመከርበት የቁሳቁስ ዳግም አጠቃቀም እዚህ በመዶሻና በመቀስ ሲሠራ ኖሯል። ሠራተኛው የብረቱን ውፍረት በጣቱ ዳስሶ ለየትኛው ዕቃ እንደሚስማማ ይወስናል። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከክፍላቸው ወጥተው ግማሽ ቀን በዚህ ተራ ቢውሉ ስለ ቁሳቁስ ጠባይ ብዙ ይማራሉ።

ከዚያ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ጎብኚ የታላቁን አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ተቀራርበው ቆመው ያገኛቸዋል። ዓርብ ቀን የመስጊዱ ምእመናን ከቅጥሩ ተርፈው በየመንገዱ ላይ ሲሰግዱ፣ በበዓል ቀን ደግሞ የራጉኤል ምእመናን ነጠላ ለብሰው በእነዚያው መንገዶች ሲመላለሱ ይታያል። በሌላው ቀን መንገዱ የሸቀጥና የተሸካሚ ነው። አንድ መንገድ በየቀኑ ሦስት ዓይነት አገልግሎት የሚሰጥበትን ሥርዐት ነዋሪዎቹ ራሳቸው እያስተካከሉ ኖረዋል። የመንገድን ስፋት በመኪና ቍጥር ብቻ ለሚለካ ባለሙያ ይህ ከፍ ያለ ትምህርት ነው።

የተፈጥሮን መስሕብ የሚሻ ጎብኚም ከመርካቶ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ቢመለከት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የእንጦጦን ተራራ፣ ወደ ምዕራብ ቢመለከት የወጨጫን ተራራ ያያል። ሁለቱም በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። አዲስ አበባ ራሷም በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነበር። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ከወረደች በኋላ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት ጸንቶባት፣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበር ይታወቃል። መፍትሔ የሆነው ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የከተማዋ የጭቃ ቤቶች ማገርና ወራጅ፣ የሕንፃዎቿም መወጣጫ እንጨት ለብዙ ዘመን ከዚሁ ዛፍ ተገኝቷል። በመርካቶ የቀሩትን አሮጌ ቤቶች ግድግዳ ያስተዋለ ሰው ጭድ ከተቦካበት ጭቃ ሥር የእንጦጦን ዛፍ ያገኘዋል። ተራራውና ገበያው በዚህ መንገድ የተሳሰሩ ናቸው።

በውኃም የተሳሰሩ ናቸው። ከእንጦጦ ግርጌ የሚነሡት ጅረቶች ከተማዋን አቋርጠው ከአቃቂ ወንዞች ጋር ይቀላቀላሉ፤ ትንሹና ትልቁ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ውኃው ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመርካቶ አንድ ቦይ በላስቲክና በጥራጊ ሲደፈን ችግሩ የዚያ ተራ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ከታች የሚኖረውም ገበሬ ይካፈለዋል። በክረምት ወራት የሚጐበኝ ሰው ይህን ያለ አስረጅ ይረዳዋል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ለመደነቅ ብቻ የቀረበ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችንና የብዙ ቤተሰብ ሀብት አጥፍቷል። የመንገዶቹ ጥበትና መጨናነቅ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰናክል መሆኑም በወቅቱ ተነግሯል። ከዚያ በፊት በ2016 ዓ.ም. በአራዳ፣ በፒያሳ አካባቢ፣ ለኮሪደር ልማት ሲባል አሮጌ ሠፈሮች ፈርሰዋል። መርካቶም በየጊዜው እየፈረሰ በፎቅ ሲተካ ቆይቷል። እንግዲህ ጥያቄው በሁለት አቅጣጫ ይመጣል። ገበያው እንዳለ ይቆይ የሚል ሰው ለሚቀጥለው እሳት መልስ የለውም። ፈርሶ በአዲስ ይሠራ የሚልም ሰው ተራው ሲበተን የሚጠፋውን አልቈጠረውም። የእህል ከረጢትና የብረት ዘንግ አምስተኛ ፎቅ ላይ አይሸጥም። የምን አለሽ ተራ ቀጥቃጭም መዶሻውን ይዞ በመስተዋት በተሸፈነ ሕንፃ ውስጥ ቦታ አያገኝም።

ለዚህ የመሐንዲሱ መልስ ከመፍረድ በፊት መለካት መሆን አለበት። አንደኛ፣ የተራዎቹ ወሰን፣ የመንገዶቹ ስፋት፣ የቤቶቹ አሠራርና ዕድሜ በባለሙያ ተለክቶ በካርታ ላይ ይስፈር። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 እንዲጠብቅ የሚፈለገው ነገር አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል፤ ያልተመዘገበ ነገር ሲፈርስ ምስክር አይኖረውምና። ሁለተኛ፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍባቸው መንገዶችና የውኃ መቅጃ ሥፍራዎች በየተራው ተለይተው ከማናቸውም ሥራ በፊት ይከፈቱ። አሮጌው የመንገድ ፍርግርግ ራሱ ለዚህ ሥራ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ያጠበበው ከጊዜ በኋላ የተጨመረው በረንዳና የሸቀጥ ክምር ነው። ሦስተኛ፣ አዲስ ሕንፃ ሲነደፍ ከባድ ዕቃና የእጅ ሥራ በምድር ቤቱ፣ ቀላሉ ከላይ እንዲሆን፣ አንድ ተራም ሳይበተን በአንድነት እንዲገባ ይታሰብ። ይህን ለማወቅ ከፕላን ጠረጴዛ ተነሥቶ ከነጋዴው፣ ከተሸካሚውና ከቀጥቃጩ ጋር መነጋገር ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በጉብኝት ይጀመራል። አንድ የማኅበሩ አባል በዕረፍት ቀኑ ልጆቹን ይዞ ከጊዮርጊስ ተነሥቶ በመርካቶ ቢዞር፣ ከሰዓት በኋላም እንጦጦ ወጥቶ ከተማዋን ከላይ ቢመለከት፣ የሚያወጣው ወጪ የታክሲና የሻይ ብቻ ነው። ከተራራው ላይ ሲያየው መርካቶ የዛገና ያልዛገ ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ሰፊ ጣሪያ ሆኖ ይታየዋል። ጠዋት በሥሩ ያለፈ ሰው ግን ከእያንዳንዱ ጣሪያ በታች ማን ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ነገ የዚያ ሥፍራ ፕላን በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ፣ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት የሚያስታውሰው ነገር ይኖረዋል።