«ሰው አጣሁ»፦ የስደተኞች የአእምሮ ጤና በአዲስ ሀገር



ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ክሊኒክ በአስተርጓሚነት እሠራ ነበር። ወደዚያ ሀገር ከገቡ ዓመት ያልሞላቸው አንዲት እናት እንቅልፍ አጥተው፣ ከምግብ ርቀው መጡ። ሐኪሙ ምን እንደሆኑ ሲጠይቋቸው፣ «ሰው አጣሁ» አሉ። እኔም ፈጥኜ፣ «ሰው ሞቶባቸዋል» ብዬ ተረጎምሁ። ለሳምንታት ምርመራው ስለ ሞትና ስለ ሐዘን ሆነ። በመጨረሻ እናቲቱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ማንም አልሞተብኝም፤ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ነው ያጣሁት» አሉኝ።

ይህ ስሕተት የሙያችንም ስሕተት ነው። ስደተኛ ሲታመም ዓይናችን ቶሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ጦርነቱ፣ ወደ እስር ቤቱ፣ ወደ በረሃው። ያ መከራ እውነት ነው፤ ጠባሳውም ጥልቅ ነው። ሆኖም የስደተኛውን ጤና የመጣበት መንገድ ብቻ አይወስነውም፤ ከደረሰ በኋላ የሚኖረው ኑሮም ይወስነዋል።

ኃይሌ ፈንታና ባልደረቦቻቸው በቶሮንቶ በሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያን ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው የድባቴ ሕመም ያጋጠማቸው 9.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ከሕመሙ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ነገሮች መካከል ከስደት በፊት የደረሰ መከራና የመጠለያ ጣቢያ ኑሮ ይገኙበታል፤ ከደረሱ በኋላ የገጠሙ አስጨናቂ ሁኔታዎችም እንዲሁ። የአእምሮ ሕመም ከነበረባቸው ውስጥ ወደ ጤና ባለሙያ የሄዱት ደግሞ 12.5 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ፖርተርና ሃስላም እ.ኤ.አ. በ2005 የልዩ ልዩ ሀገሮችን ጥናቶች አንድ ላይ መርምረው፣ በጋራ መጠለያ የሚኖሩና ሠርቶ የማደር ዕድላቸው የጠበበ ስደተኞች የባሰ ጉዳት እንደሚደርስባቸው አረጋግጠዋል። ቀድሞ የተሻለ ትምህርትና ኑሮ የነበራቸውም ይበልጥ ተጎጂዎች ሆነው ተገኝተዋል። ነገሩ ለጊዜው እንግዳ ይመስላል። ነገር ግን በሀገሩ ተከብሮ ያስተምር የነበረ ሰው፣ ማስረጃው ዕውቅና አጥቶ ሌሊት መጋዘን ሲጠብቅ ከደመወዙ ጋር ማን እንደነበረ የሚያውቅለትን ሰው ያጣል።

መርዶንም አስቡት። በባህላችን መርዶ ለብቻ አይነገርም። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ባለበት ይነገራል። በስደት ግን በስልክ፣ በሥራ ዕረፍት መካከል፣ ለብቻው ለቆመ ሰው ይደርሳል። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን እድር የሚያቋቁሙት ለቀብር ወጪ ብቻ አይመስለኝም፤ አብሮ የሚያለቅስ ሰው እንዳይታጣም ጭምር ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ስደተኛ ታካሚ ፊታችሁ ሲቀመጥ «ምን ደረሰብዎ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ «ከማን ጋር ይበላሉ? ሲታመሙ ማን ይጠይቅዎታል? የመኖሪያ ፈቃድዎስ?» በሉ። መልሱ የሕክምናው አካል ነው።

ይህ የሩቅ ሀገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሀገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኤርትራ የመጡ ስደተኞችን ታስተናግዳለች። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብትን ደንግጓል። እኔ ይህን አዋጅ እንደ አእምሮ ጤና ሕግም አነበዋለሁ፤ በተግባር መዋሉም እኛን ባለሙያዎቹን ይመለከታል።

ስሕተቴን ለሐኪሙ ነገርኋቸው። የእናቲቱ ሕክምና ሳይቋረጥ፣ በሰፈሩ ያሉ የሀገር ልጆች በየሳምንቱ ቡና እንዲጠሯቸው ተደረገ። ተፈወሱ ብዬ ልጨርስ አልችልም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ቀጠሯቸውን እንድናዛውርላቸው ጠየቁን፤ በዚያ ቀን እንግዳ ነበረባቸው።