በቤት ስልካችን ላይ ቁጥር ስለ ማስቀመጥ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስሁ ሰው ነኝ እንጂ የስልክ ባለሙያ አይደለሁም። ዳሩ ግን የደረሰብኝን ብነግራችሁ ለአንዳችሁ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ተነሥቻለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ባለቤቴን ድንገት አመማት። ቁጥር የተጻፈበት ደብተር አለ፤ መነጽሬ ግን የለም። በዳበሳ ብደውል የማላውቀውን ሰው ከእንቅልፉ ቀሰቀስሁ። ሁለተኛም ተሳሳትሁ። ድሮ ቁጥሩ ስድስት አኃዝ ሳለ በቃሌ እይዘው ነበር፤ ከ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ግን የአዲስ አበባ ቁጥር ከነመግቢያው 011 ዐሥር ሆኗል። በመጨረሻ ወጥቼ ጎረቤት ጠራሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን ተረፈች።

የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? ገመድ አልባው ስልኬ ቁጥር የሚይዝ ማስታወሻ ነበረው። ልጄ ገዝታ ከሰጠችኝ ሦስት ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን አልነካሁትም። ጥፋቱ የኔው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንዳንዱ ስልክ ሜሞሪ የሚል ቁልፍ ይጫናል፤ ቁጥሩ ይመታል፤ እንደገና ሜሞሪ ተጭኖ ከአኃዞቹ አንዱ ይመረጣል። በሌላው ደግሞ ቁጥሩ መጀመሪያ በስም ዝርዝር ውስጥ ይገባና ኋላ ለአንድ ቁልፍ ይሰጣል። ከዚያ ያንን ቁልፍ ጫን አድርጎ መያዝ ነው፤ ስልኩ ራሱ ይደውላል። ዓይነቱ ብዙ ነውና ከስልኩ ጋር የመጣውን መመሪያ አትጣሉ። ደግሞም በቀን፣ በደኅና ጊዜ ሞክሩት።

እኔ በ2 ልጄን፣ በ3 የቅርብ ጎረቤቴን፣ በ4 የእድራችንን ጸሐፊ፣ በ5 የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 አስቀምጫለሁ። አጭር ቁጥር ምን ያስቀምጠዋል አትበሉ፤ የደነገጠ ሰው የገዛ ስሙንም ይረሳል።

የምታስቡባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የገመድ አልባ ስልክ መቀመጫ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት ከጠፋ ቁልፉን ብትጫኑ ምን ዋጋ አለው? በመዳብ ሽቦ በሚመጣ መስመር ላይ ተራው ባለገመድ ስልክ ኃይሉን ከመስመሩ ስለሚያገኝ ይሠራል፤ አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉት። ሁለተኛ፣ ባትሪው ሲደክም ማስታወሻው የሚጠፋበት ስልክ አለ፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን በትልልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሦስተኛ፣ ሰው ሲለወጥ ቁጥሩንም ለውጡ። የቀድሞው ጸሐፊያችን በጥር ካረፉ በኋላ በልማድ 4ን ብጫን ባለቤታቸው አነሡ፤ ሐዘናቸውን ቀሰቀስሁባቸው። ያን ዕለት በጣም አፈርሁ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በመካከላችን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። ወጣቶቻችን በአንድ እሑድ ቤት ለቤት ዞረው ቁጥር ቢያስገቡላቸው፣ አጠገባቸውም ተቀምጠው ቢያለማምዷቸው መልካም ነው። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ብቻ አይደለም፤ ሳይሞት ለመድረስም ጭምር ነው።

ፈጣሪ ዓመት ዓመት ያድርሰን።