ለአንድ ሌሊት ማደሪያ

ወገኖቼ፣ ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ አዲስ አበባ ስንሄድ የያዝናት ገንዘብ በማደሪያ እንዳታልቅ እንጠንቀቅ። ዘመድ ካለ ደግ። ከሌለ ግን በመርካቶ፣ በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ እንፈልግ። ፊደል ቆጥረን የለም እንዴ! «ና፣ አልጋ ላሳይህ» የሚለው ደላላ የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው ከእኛው ኪስ ነው።

ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ቤት፣ ሽንት ቤቱም የጋራ የሆነ ክፍል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ አንድ ሌሊት ለሚያድር ሰው ምን ይጎድለዋል? ጓዛችንን ሳናወርድ ዋጋ እንጠይቅ፤ አንሶላውንና የበሩን ቁልፍ ገብተን እንይ። መታወቂያ ስለሚጠየቅ ከቤት ስንወጣ አንርሳው። ከፍለን ደረሰኝ ስንቀበል፣ የተጻፈው ብር ከከፈልነው ጋር መግጠሙን እዚያው ቆመን እናንብብ። ገንዘብ ተቀባዩ ቢቸኩልም ይጠብቀን።