ስለ ፀሐይ ነፋስና ምድርን ስለሚጋርደው መግነጢስ የተነገረ ንግግር



የፀሐይ ማዕበል ምድርን ሊያቃጥል ነው የሚል ወሬ ወደ መንደር የደረሰ እንደ ሆነ፤ ሕዝቡ እውነቱን የሚጠይቀው እናንተን መምህራንንና ሽማግሎችን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንድንመረምረው ያስፈልጋል።

ፀሐይ የምትሰጠን ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም። በዙሪያዋ ካለው እጅግ የጋለ አየር የኤሌክትሪክ ኃይል ያላቸው ረቂቃን ብናኞች ሳያቋርጡ ወደ ጠፈር ይፈስሳሉ፤ ይህም የፀሐይ ነፋስ ይባላል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሊቅ ዩጂን ፓርከር ይህን በሒሳብ ቢያስረዳ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ ነገር ግን በ1962 ወደ ቬኑስ የተላከችው ማሪነር 2 የተባለች የጠፈር መንኰራኵር ነፋሱን በመንገድዋ ለክታ ቃሉን አጸናችለት። የነፋሱ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፤ ከፀሐይ እስከ ምድር ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በ4 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል።

ይህን ነፋስ የሚመክትልን የምድር መግነጢስ ነው። ምድር ራስዋ ታላቅ መግነጢስ መሆንዋን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት በ1600 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦአል። ኃይሉ የሚመነጨው በምድር ሆድ ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው ከቀለጠው ብረት ነው፤ የኮምፓስንም መርፌ የሚያዞረው ይኸው ነው። መምህሩ ከወረቀት በታች መግነጢስ አኑሮ በላዩ የሞረድ ብናኝ ቢነሰንስ፤ ብናኙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እየጐበጠ መስመር ሲሠራ ልጆቹ ያያሉ። በምድርም ዙሪያ እንዲህ ያለ የማይታይ መስመር ተዘርግቶአል።

በወንዝ መካከል የቆመ ቋጥኝን ተመልከቱ። ውሃው ከፊቱ ሲደርስ ይታመቃል፤ ግራና ቀኝ ተከፍሎም ያልፋል። እንዲሁም የፀሐይ ነፋስ ወደ ምድር ሊደርስ 60,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ከመግነጢሱ ጋር ተጋፍቶ ወደ ጐን ይመለሳል። ከፀሐይ በራቀው ወገን ግን መግነጢሱ እንደ ጅራት ተስቦ ከጨረቃ መንገድ አልፎ ይሄዳል።

ሆኖም ይህ ጋሻ በር አለው። የፀሐይ ነፋስ የራሱን መግነጢስ ይዞ ይመጣልና፤ ያም መግነጢስ ወደ ሰሜን ያቀና እንደ ሆነ በስተፊት ካለው ከምድር መስመር ጋር ስለሚስማማ ጋሻው ይጸናል። ወደ ደቡብ ያቀና እንደ ሆነ ግን፤ ተቃራኒዎቹ መስመሮች ተቈርጠው እርስ በርሳቸው ይቀጠላሉ፤ በዚያም የነፋሱ ኃይል ይገባል። እንግዲህ ጉዳዩ የነፋሱ ብርታት ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውም ነው።

የገባው ኃይል ብናኞችን በመስመሩ እየነዳ በዋልታዎች አጠገብ ወዳለው አየር ያወርዳቸዋል፤ አየሩም አረንጓዴና ቀይ ሆኖ ያበራል። በኢትዮጵያ ላይ ግን የመግነጢስ ወገብ ስለሚያልፍ መስመሩ ወደ ምድር ሳይወርድ ተጋድሞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህ ብርሃን በሰማያችን አይታይም።

ጉዳቱስ ምንድን ነው? በ1859 በተነሣው ታላቅ ማዕበል የቴሌግራፍ ሽቦዎች የእሳት ብልጭታ ሰጡ፤ በ1989 በካናዳ በኬቤክ አገር 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለ9 ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ አጣ። ማዕበሉ የሚጎዳው ሽቦን፣ ራዲዮንና በጠፈር ያሉትን መሣሪያዎች ነው፤ በምድር ላይ የሚኖረውን ሰው ግን ከመግነጢሱ ሌላ ወፍራሙ አየር ደግሞ ይጋርደዋል።

እንግዲህ ልጅ በፍርሃት ሲጠይቃችሁ፤ ወሬውን በቍጣ ከመመለስ ይልቅ ኮምፓስ አምጥታችሁ መርፌዋን አሳዩት። ያች ትንሽ መርፌ ዓይን የማያየውን ጋሻ ትመሰክራለችና።